የትኛው ሲስተም ነው እምቢ ያለው?

አንድን ውል አራት ቦታ በእጅ የሚገለብጥ የሶፍትዌር ቡድን ቆይቶ ከራሱ ጋር ይጣላል። ውሉን አንዴ ጽፎ ግልባጩን ለማሽን መተው ይቻላል፤ እሱም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው።

ሌሊት አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ከአገር አቋራጭ አውቶቡስ ትኬት መስኮት ፊት ቆሜያለሁ። ከኋላዬ ጋቢ የደረቡ እናት ዘንቢላቸውን በእግራቸው እየገፉ ይጠጋሉ። ትኬቱን ከዋዜማው በድረ ገጽ ቆርጫለሁ፤ ብሩም ከሂሳቤ ወጥቷል። የወንበር ቁጥሬን የሚነግረኝ አጭር መልዕክት ግን ሌሊቱን ሙሉ ብጠብቀው አልመጣም። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ስልኬን አስገብታ ማሳያውን አየችና ራሷን ነቀነቀች።

«ወንድሜ፣ ሲስተሙ እምቢ አለ።»

«ብሩ እኮ ተቆርጧል።»

«አውቃለሁ፣ ስምህም እዚህ አለ። መልዕክቱን አልልክም ነው የሚለኝ። 09 የለህም?»

የለኝም። የእኔ ስልክ በ07 ነው የሚጀምረው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አገልግሎት ሲጀምር ይዞት የመጣ መነሻ ነው፤ ከዚያ በፊት ሞባይል ሲባል 09 ነበር። ልጅቷ የወንበር ቁጥሬን በእስክሪብቶ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠችኝ፤ ሄድኩ።

ነገሩ ግን አልለቀቀኝም። ቆይቶ ከድርጅቱ ቴክኒሻኖች አንዱ እንዳስረዳኝ፣ ድረ ገጹ 07ን እንዲቀበል ከተስተካከለ ሰንብቷል። ዳታቤዙም ይቀበላል። መልዕክት የሚልከው ክፍል ውስጥ ግን ሥራ ከለቀቀ ዓመታት ያለፉት አንድ ልጅ «በ09 ካልጀመረ ስልክ አይደለም» የምትል አንዲት መስመር ትቶ ሄዷል። እዚያ ድረስ ወርዶ ያየ አልነበረም።

አራት ፎቅ፣ አራት ግልባጭ

እኛ «ሲስተሙ» እያልን በነጠላ የምንጠራው ነገር በውስጡ ብዙ ነው። ከታች ዳታቤዙ አለ፤ መዝገብ ቤት በሉት። ከሱ በላይ ሰርቨሩ ላይ የሚሠራው ፕሮግራም አለ፤ ማን ምን ማየት እንደሚችል የሚወስነው እሱ ነው። ከላይ ደግሞ ዓይናችን የሚያርፍባቸው አሉ፤ ድረ ገጹና በስልካችን የጫንነው አፕ። እያንዳንዱ በሌላ የፕሮግራም ቋንቋ ይጻፋል፤ ብዙ ጊዜም በሌላ ሰው።

እነዚህን አብሮ የሚያኖራቸው ውል ነው። ደንበኛ ማለት ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስምና ስልክ ያለው ነው፤ ስልኩ እንዲህና እንዲያ ይጻፋል፤ ስም ባዶ መሆን አይችልም። ችግሩ ይህ ውል በየፎቁ እንደገና መጻፉ ነው፣ ለዳታቤዙ በዳታቤዝ ቋንቋ፣ ለሰርቨሩ በሰርቨር ቋንቋ፣ ለአፑ በአፕ ቋንቋ። ሥራው በተጀመረበት ሳምንት አራቱም ይስማማሉ። በዓመቱ አንዱ «የአያት ስም» ሲል ሌላው አሁንም «ላስት ኔም» ይላል። ሦስተኛው የአያት ስም የሌለውን ሰው ላይመዘግብ ይችላል፤ አራተኛው ጭራሽ የሚያውቀው ነገር የለም።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ አዲስ ታሪክ አይደለም። በ1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል ሁለት ግልባጭ ነበረው፣ አንድ በአማርኛ አንድ በጣልያንኛ። አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ሲጻጻፉ በጣልያን በኩል ማድረግ እንደሚችሉ ይናገራል። በጣልያንኛው መቻሉ ግዴታ ሆኗል። ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸውን ግልባጭ እያነበቡ ውሉን አክብረናል አሉ፤ ነገሩ አድዋ ላይ ተቋጨ። እርግጥ የውጫሌው ልዩነት በመዘንጋት የመጣ ነው ብሎ የሚከራከር ታሪክ አዋቂ አላጋጠመኝም። የኮዱ ልዩነት ግን ዘጠኝ እጁ መዘንጋት ነው።



አምስተኛ ፎቅ፣ መገናኛ

ውሉን አንዴ ጽፎ ግልባጩን ለማሽን የተወ ቡድን ለማየት መገናኛ ሄድኩ። ሊፍቱ ከሦስተኛ ፎቅ በላይ የማይወጣ ሕንፃ ነው፤ የቀረውን በእግር ወጣሁት። ክፍሉ ውስጥ ስምንት ወጣቶች፣ አንድ ጀበናና መብራት ሲጠፋ የሚጮሁ ሁለት ዩፒኤሶች አሉ። ለአንድ ብድርና ቁጠባ ተቋም ሶፍትዌር ይሠራሉ። የቡድኑ መሪ በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች ሴት ናት፤ ስሟን እንዳልጽፍ ብላኛለች። ወንበር ሳበችልኝና ማሳያዋን ወደኔ አዞረችው።

ፋይሉ ግማሽ ገጽ አይሞላም። ከላይ «ደንበኛ» የሚል ርዕስ፣ ከሥሩ አራት መስመር። ስም፣ ቁጥር 1። የአባት ስም፣ ቁጥር 2። የአያት ስም፣ ቁጥር 3። ስልክ፣ ቁጥር 4። ከእያንዳንዱ ፊት ዓይነቱ ተጽፏል፤ ሦስቱ «ጽሑፍ» ናቸው፣ ስልኩ ግን «አኃዝ» ተብሏል።

«ይቺ የራሴ ኃጢአት ናት» አለች ወደ አራተኛዋ መስመር እያመለከተች። «ስልክን አኃዝ ነው ብለህ ካስቀመጥከው ኮምፒዩተሩ የፊቷን ዜሮ ትርፍ ናት ብሎ ይጥላታል። በ0911 የሚጀምረው ሰውዬ በ911 ይጀምራል። አኃዝ የሚደመርና የሚቀነስ ነገር ነው፤ ስልክ ደምረህ ታውቃለህ?»

አላውቅም። ከሥሩ አምስተኛ መስመር ጨመረች፣ አዲስ ስልክ፣ ጽሑፍ፣ ቁጥር 5። ከዚያ ለማሳየት ያህል አራተኛዋን አጠፋቻትና አንዲት ትዕዛዝ ጽፋ ቁልፉን ተጫነች። ስኒዬን አንስቼ ሳልመልስ ሦስት ፋይሎች ከመነሻቸው ተጽፈው አለቁ፤ አንዱ ለሰርቨሩ በጎ ቋንቋ፣ አንዱ ለአንድሮይዱ በኮትሊን፣ አንዱ ለድረ ገጹ በታይፕስክሪፕት። ማንም እጁን አላስገባም። እነሱ «ጄኔሬት ማድረግ» ይሉታል።

ከዚያ ማሳያው ቀላ። የድሮውን ስልክ የሚጠቀም የኮድ መስመር ሁሉ ከሥሩ ቀይ ተሰመረበት። ምዝገባው ላይ፣ ፍለጋው ላይ፣ መልዕክት መላኪያው ላይ። ወደታች እየወረደች ስትቆጥር አንዱ ጋ ቆመች። የብድር ደረሰኝ የሚያትመው ክፍል ነው።

«ይሄንን ረስቼው ነበር» አለች።

የአውቶቡስ ድርጅቱ ያጣው ይህችን ቅጽበት ነው። ብዙ ሰው ኮድ በማሽን ማስጻፍ ሲባል የጣት ድካም መቀነስ ይመስለዋል። መተየቡማ ቀላል ነው፤ ጎበዝ ልጅ ሦስቱን ፋይል በአንድ ከሰዓት በእጁ ይጽፋቸዋል። ማሽኑ የሚያመጣው ነገር ቢኖር፣ የረሳኸውን ቦታ ሌሊት አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ትኬት መስኮት ፊት ሳይሆን ጠዋት ጠረጴዛህ ላይ ማሳየቱ ነው።

ያልታደሰው ስልክ

ያጠፋቻትን መስመር ወዲያው መለሰቻት። ለምን ብዬ ጠየቅኳት።

«የገጠር ወኪሎቻችን አሉ። አፑን ከፕሌይ ስቶር ያወረዱት ስንቶቹ ይመስሉሃል? ጓደኛቸው በቴሌግራም ይልክላቸዋል፣ ከሌለም በብሉቱዝ። ያ ስልክ እስኪሰበር ድረስ የድሮውን ስልክ ቁጥር በመስመር 4 እየላከ ይኖራል። እኔ እዚህ ስላጠፋሁት እዚያ አይጠፋም።»

እዚህ ጋ ቁጥሮቹ ለምን እንደተጻፉ ይገባል። ቡድኑ የሚጠቀመው ፕሮቶኮል በፈርስ የሚባለውን ነው፤ ጉግል ከ2001 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለውስጥ ሥራው ሲገለገልበት ቆይቶ በ2008 ለሁሉም የለቀቀው መሣሪያ ነው። በዚህ ዘዴ ከስልክ ወደ ሰርቨር የሚሄደው መልዕክት «ስልክ» የሚል ቃል አይዝም፤ «4» ይላል፣ ቀጥሎ ዋጋው ይመጣል። መልዕክቱ አጭር ይሆናል፤ ስሙም ቢቀየር ምንም አይጎዳም። ቁጥሩን መንካት ግን ሌላ ነገር ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ አዲስ ልጅ መጥቶ ቁጥር 4 ባዶ መሆኗን አየና «የዕዳ መጠን» ብሎ ሰጣት እንበል። የዚያኑ ቀን ከአንድ ወረዳ ያልታደሰ አፕ መልዕክት ይልካል፤ ቁጥር 4 ብሎ የደንበኛውን ስልክ። ሰርቨሩ በአዲሱ ውል ያነበዋል። ሁለቱም አኃዝ ናቸው፣ የሚያጠራጥር ነገር የለም። ሦስት ሺህ ብር የተበደሩ አባወራ ዘጠኝ መቶ አሥራ አንድ ሚሊዮን ብር ምናምን ዕዳ ይጻፍባቸዋል።

ስለዚህ ደንቡ ጥብቅ ነው። ያረጀ መስመር መጀመሪያ «ያረጀ» ተብሎ ይጻፍበታል እንጂ አይጠፋም። የመጨረሻው አሮጌ ስልክ ካለፈ በኋላ ይጠፋል፤ ቁጥሩ ግን እዚያው ፋይል ላይ ይታሸጋል። ከዚያ ወዲያ ለሌላ ልስጠው የሚል ቢመጣ ማሽኑ ኮዱን ጭራሽ አልጽፍም ይላል። የሞተ ሰው መታወቂያ ቁጥር ለሌላ አይሰጥም፤ ይኸው ነው።

አያቶቹ

ማሽን ኮድ ይጽፋል የሚለው ሐሳብ ከብዙዎቻችን ዕድሜ ይበልጣል። ግሬስ ሆፐር ኤ-ዜሮ የተባለውን ፕሮግራሟን በ1952 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ላይ ስታውል ኮምፒዩተር የሚያውቀው ሒሳብ እንጂ ፕሮግራም መጻፍ አይደለም የሚሉ ነበሩ። ዛሬ ፕሮግራመር የሚጽፈውን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጠው ኮምፓይለር ሁሉ የዚያ ዘር ነው። ሁለት ፕሮግራሞች የሚነጋገሩበትን ውል በአንድ ፋይል ጽፎ የሁለቱን ወገን ኮድ ማስወጣትም በ1980ዎቹ ሰን ኩባንያ ይጠቀምበት የነበረ ዘዴ ነው። በ1991 ኮርባ መጣ፤ ሐሳቡ ጥሩ ሆኖ ጓዙ በዛና ብዙ ሰው አስመረረ። ከዚያ የጉግሉ፣ የፌስቡኩ ትሪፍት፣ መጀመሪያ ስዋገር ሲባል ቆይቶ በ2016 ኦፕን ኤፒአይ የሆነው ተከተሉ። ስማቸው ይለያያል እንጂ ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፤ ውሉን አንዴ ጻፍ።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ምሳሌ ግን አሁን ዓይናችሁ ላይ ያለው ነው።

ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው። ዩኒኮድ የዓለምን ፊደላት ጠባይ የሚያስቀምጠው በተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ መስመር፣ በመስመሩ ላይ በምልክት የተነጣጠሉ መረጃዎች። የሀ መስመር ቁጥሯ 1200 መሆኑን፣ ፊደል መሆኗን፣ ትልቅና ትንሽ እንደሌላት፣ ከግራ ወደ ቀኝ እንደምትጻፍ ይናገራል። ፩ ቁጥር ተብሏል፤ ግን ከ0 እስከ 9 ካሉት የአሥር ቤት አኃዞች ምድብ አልገባም፣ የእኛ ቁጥር ፲ እና ፻ እንጂ ዜሮ የለውምና። የፓይተን ወይም የጎ ቋንቋ ሠሪዎች ሀን ከሐ ላይለዩ ይችላሉ፤ መለየትም አይጠበቅባቸውም። ያን ፋይል አንብቦ ለቋንቋቸው የሚሆን ሰንጠረዥ የሚጽፍ ትንሽ ፕሮግራም አላቸው። በ2021 ለጉራጊኛ የሚያገለግሉ ተጨማሪ ፊደላት ሲጸድቁ ማንም ፕሮግራመር ተቀምጦ አልተየባቸውም። ፋይሉ ታደሰ፣ ፕሮግራሙ እንደገና ተነዳ፣ አለቀ።

የጎ ቋንቋን የፊደላት ሰንጠረዥ የከፈተ ሰው ገና መግቢያው ላይ ማስጠንቀቂያ ያገኛል። ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነው፦

«ይህን ኮድ የጻፈው ማሽን ነው፤ አትንኩት።»

የነኩት

ሰው መነካካቱ አይቀርም። የመገናኛው ቢሮ ልጆች የሚሳሳቁበት አንድ ታሪክ አላቸው። ለልምምድ የመጣ ተማሪ በማሽን የተጻፈው ፋይል ውስጥ ስህተት አገኘ፣ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ በእጁ አስተካከለው፣ ደስ ብሎት ተኛ። ጠዋት ሌላው ልጅ ትዕዛዟን ሲጫን ማሽኑ ፋይሉን ከመነሻው ጻፈው፤ የሌሊቱ ሥራ እንደ ጤዛ ሄደ። ማስተካከል የነበረበት ምንጩን ነበር። አሁን ማንም ኮድ ሲያስገባ ሰርቨራቸው ራሱ እንደገና ጄኔሬት አድርጎ ያወዳድራል፤ አንዲት ፊደል ብትለያይ አይቀበልም።

ሁሉም ሰው በዚህ የተማረከ እንዳይመስላችሁ። ሃያ ዓመት ኮድ የጻፈ አንድ ሰው ካሳንቺስ ቡና እየጠጣን ሳጫውተው ፊቱን አጨማደደ። ኮዱን የሚጽፈው ማሽን ራሱ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? የሚያወጣው ኮድ ረጅምና አስቀያሚ ነው፤ ውስጡ ችግር ሲፈጠር ያልጻፍከውን ኮድ ስታነብ ማደር ነው። ሁለት ሰው ለሚሠራው አንድ ድረ ገጽ ይህን ሁሉ መትከል ዶሮ ለማረድ ቄራ መሄድ ነው ይላል። እውነት አለው። ውሉ ሁለት ግልባጭ ብቻ ካለውና ሁለቱንም የሚጽፈው አንድ ሰው ከሆነ ዓይንና ማስታወሻ ደብተር ይበቃሉ። ሦስተኛው ግልባጭ ሲመጣ ግን፣ ወይም ያ ሰው ሥራ ሲለቅ፣ ያቺ የ09 መስመር እዚያው ትቀራለች።

ማሽኑ የማያውቀው

አንድ ነገር ላይ የቡድን መሪዋም የካሳንቺሱ ሰውም ይስማማሉ። ማሽኑ የሚያስተባብረው የውሉን ቅርጽ ነው፤ ትርጉሙን አይደለም።

የአሜሪካው ናሳ ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የተባለችውን መንኮራኩር ያጣው ሴፕቴምበር 23 ቀን 1999 (እ.ኤ.አ.) ነው። ዘጠኝ ወር ተጉዛ ማርስ ስትደርስ ከታሰበው በጣም ዝቅ ብላ ከባቢ አየሩ ውስጥ ገባች። ምክንያቱ ሲጣራ፣ ምድር ላይ ያለ አንድ ሶፍትዌር የሞተሮቿን ግፊት በፓውንድ እያሰላ ሲልክ ተቀባዩ በኒውተን ያነበው ነበር፤ ልዩነቱ ከአራት እጥፍ በላይ ነው። የሚገርመው ውሉ መኖሩ ነው። የሁለቱን ሶፍትዌር ግንኙነት የሚደነግገው ሰነድ ኒውተን እንዲሆን ያዝዝ ነበር። ሰነዱ ግን ወረቀት ላይ ነበር፣ ኮዱ ኮምፒዩተር ላይ። የሚያገናኛቸው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ዘነጋ።

ጄኔሬት የተደረገ ኮድ ቢኖር ያድናት ነበር? ውሉ «ግፊት፣ አኃዝ» ብቻ ቢል ኖሮ አያድናትም። ፓውንድም አኃዝ ነው፣ ኒውተንም አኃዝ ነው። ስሙ ላይ ወይም ዓይነቱ ላይ «በኒውተን» ተብሎ ቢጻፍ ግን መሐንዲሱ በተጠቀመበት ቁጥር ዓይኑ ሥር ይመጣ ነበር። እኛም አገር የዚህ ወንድም አለ። «የልደት ቀን» ብሎ ጽፎ ዝም ያለ ውል በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አልተናገረም። ጳጉሜን 3 የተወለደ ልጅ አሥራ ሁለት ወር ብቻ በሚያውቅ ቅጽ ላይ መስከረም እንዲሆን ሲገደድ አይቻለሁ።

ሌላው ጸሐፊ

አሁን ኮድ የሚጽፍ ማሽን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ሌላ ነገር ነው፤ በተራ ቋንቋ ሲጠየቅ ኮድ የሚያፈልቀውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት። የመገናኛዎቹም ይጠቀሙበታል። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። ውሉን የሚገለብጠው ማሽን ደረቅ ነው፤ ዛሬም ነገም አንድ ውል ስትሰጠው አንድ ዓይነት ኮድ ያወጣል። አስተውሎቱ እንደ ጎበዝ ጸሐፊ ነው፤ ሁለት ጊዜ ብትጠይቀው ሁለት ዓይነት አድርጎ፣ ሁለቱንም አሳምሮ ይጽፍልሃል።

የቡድን መሪዋ ያሳየችኝ አንድ ሙከራ አለ። ያለ ውል ፋይል፣ ለዳታቤዙ፣ ለሰርቨሩና ለአፑ ለየብቻ አስጻፈችው። ሦስቱም ንጹሕ ኮድ ነበሩ። የአባትን ስም ዳታቤዙ «ፋዘር ኔም» ብሎታል፣ ሰርቨሩ «ሚድል ኔም»፣ አፑ «ላስት ኔም»።

«ውጫሌ በየሰዓቱ» አለች፤ ክፍሉ ሳቀ።

ከዚያ የውሉን ፋይል አስቀድማ ሰጥታ አስጻፈችው፤ ስሞቹን ከዚያው ወሰደ፣ ሲሳሳትም ቀዩ መስመር ያዘው። እኔ ከዚህ የምወስደው ፍርድ፣ ጸሐፊ በበዛና በፈጠነ ቁጥር የአንዱ ውል ዋጋ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም ነው።

የአውቶቡስ ድርጅቱ ያቺን መስመር አስተካክያለሁ ብሏል። በየትኞቹ ሌሎች ክፍሎች ውስጥ እንደምትገኝ ግን ያ ቴክኒሻን ሊነግረኝ አልቻለም፤ አንድ በአንድ እየከፈቱ እያዩ ነው። እኔም ትኬት ስቆርጥ እስከ ዛሬ የምሰጠው የእናቴን 09 ነው።